ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የባሶ ገበያ

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ የጎጃም ደጋ አልቆ ምድሩ ወደ ዐባይ በረሃ መንደርደር በሚጀምርበት ጠርዝ አጠገብ ይጁቤ የምትባል ከተማ አለች። የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ ናት። ገበሬው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚወጣባት፣ ጨውና ልብስ ገዝቶ የሚመለስባት የወረዳ ከተማ ከመሆኗ በቀር እንግዳን ቆም የሚያሰኝ ነገር አይታይባትም። ሆኖም በ1830ዎቹ ዓ.ም. ወደ ጎጃም የዘለቁት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክና ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ስለ አገሪቱ ንግድ በጻፉ ጊዜ በእጅጉ የተጨነቁበት ይኸው የባሶ ገበያ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ የተነሣው ሸቀጥና ከጊቤ ማዶ የመጣው ሸቀጥ የሚገናኙት እዚህ ነበርና ነው።

ያ ገበያ እንዴት እንደ ደመቀና ለምን እንደ ፈዘዘ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ተነጥሎ ሊያገኘው አይችልም። ሰውየው መጀመሪያ ደጃዝማች፣ ቀጥሎ ራስ አዳል ተሰማ፣ በመጨረሻም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት የጎጃም ገዢ ናቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው ከእምባቦ ጦርነትና ከዐድዋ ዘመቻ ጋር ተያይዞ ነው። የጦርነቱ ምክንያት ግን ከዘውድ ክብር ይልቅ የወንዝ መሻገሪያና የኬላ ጉዳይ እንደነበር የሚዘነጋው ብዙ ነው።

በቅድሚያ የገበያውን አኳኋን ማየት ያሻል። ዐባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ መቀነት ይዞራል። በባሶ በኩል ወደ ወንዙ የሚወርድ ሰው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ያንኑ የሚያህል ዐቀበት ወጥቶ የጉዱሩን ደጋ ያገኛል። በዚያ ዘመን በዚህ ስፍራ ድልድይ አልነበረም። መሻገሪያው የሚከፈተው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባና ውሃው ሲሞላ ነጋዴው ካለበት ዳር ሆኖ መስከረምና ጥቅምትን ይጠብቃል። ስለዚህ በሁለቱም ዳር ማረፊያ፣ ዕቃ ማስቀመጫ፣ ስንቅና የጋማ ከብት የሚገኝበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር። በጉዱሩ በኩል አሰንዳቦ፣ በጎጃም በኩል ባሶ የተመሠረቱት በዚሁ ግድ ነው። ሁለቱን ከተማ ያደረጋቸው ወንዙ ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ ማሻገሩም፣ ማስጠበቁም።

ከደቡብ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማርና ሰም ይመጣል። ከሰሜን የጨው አሞሌ፣ የማርትሬዛ ብር፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የማተብ ክር፣ ዶቃና መዳብ ይወርዳል። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ከአርሆ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣ ነው፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚጨምር ዐባይን ተሻግሮ በሄደ መጠን ነጋዴውን ያከብረዋል። የሲራራ ነጋዴዎቹ መስመር ከከፋ ቦንጋ ተነሥቶ በጅማ ሒርማታ፣ በሊሙ ሳቃና በአሰንዳቦ አድርጎ ወደ ባሶ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ይፋግ፣ ደሪጣና ጎንደር ይቀጥላል። ከጎንደር አንዱ መንገድ በዐድዋ ወደ ምፅዋ፣ ሌላው በመተማ ወደ ሱዳን ይሄዳል። የእስላሙ ነጋዴ ከደሪጣና ከጎንደር፣ የኦሮሞው ነጋዴ ከሊሙና ከጉዱሩ መጥቶ ባሶ ላይ በአንድ ሜዳ ይገበያይ ነበር። ይህን ንግድ የሚያነሣ ሰው ከሸቀጦቹ አንዱ የሰው ልጅ እንደነበር መሸፈን አይገባውም። ከደቡብ አገሮች ተነጥቀው የመጡ ወንዶችና ሴቶች፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ በባሶ ሜዳ ላይ ከቡናው ጆንያና ከጥርሱ ሸክም ጎን ቆመው ይሸጡ ነበር፤ የኬላው ገቢም ከእነርሱ ጭምር ይሰበሰብ ነበር።

አዳል ተሰማ የተወለዱት በ1840 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዚሁ ገበያ ቀረጥ ከሚበሉት የጎጃም ገዢዎች ቤት ነው። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ የጎጃም ዋና ሰው ነበሩ። የሊሙ እናርያውን ንጉሥ አባ ባጊቦን የመሰሉ የማዶ ገዢዎች ወዳጅነታቸውን ይሹ የነበረው ባሶን የያዘ ሰው የነርሱንም በር ስለያዘ ነው። ነገር ግን ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ልጃቸው ደጃዝማች ብሩ ጎሹም ብዙ ሳይቆዩ ተማርከው ለዐሥራ አራት ዓመታት ያህል በእስር ቆዩ። ስለዚህ የደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ልጅ አዳል ያደጉት ቤታቸው በፈረሰበት፣ ጎጃምም በተድላ ጓሉና በዐፄ ቴዎድሮስ ትግል በምትታመስበት ዘመን ነበር። ገበያም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይታመማል፤ ነጋዴ ኬላ በበዛበትና ጌታው ባልታወቀበት አገር አያልፍምና።

ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ካለፉ በኋላ ዘውዱ በዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ እጅ ሲገባ የአዳል ዕድል መቃናት ጀመረ። በጥር 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከነገሡ በኋላ አዳል ከተቀናቃኞቻቸው ጋር ለዓመታት ታግለው፣ በመጨረሻ ለንጉሠ ነገሥቱ ገብረው፣ ራስ ተብለው የጎጃም ገዢነታቸው ጸና። መቀመጫቸውንም በመንቆረር አደረጉ። መንቆረር ከባሶ ሩቅ አይደለም፤ ከዐባይ መሻገሪያ የሚመጣውን ሲራራ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ወደ ዳሞትና ወደ አገው ምድር የሚወስደውም መንገድ በዚያው ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ በቅዱስ ማርቆስ ስም ከተተከለ በኋላ ከተማይቱ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ዛሬ የምሥራቅ ጎጃም ትልቋ ከተማ የሆነችው ደብረ ማርቆስ እንግዲህ በመጠኑም ቢሆን የይጁቤ ገበያ ታናሽ እኅት ናት።

ራስ አዳል ዐይናቸውን ከዐባይ ማዶ ያሳረፉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን የገዢ ሒሳብ ማሰብ ይበቃል። ጎጃም እህል ሞልቷታል፤ የባሕር በር ግን የላትም። እህል ደግሞ በበቅሎ ጀርባ ሩቅ ሊሄድ የሚችል ሸቀጥ አይደለም። ጠመንጃ የሚገዛው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በዝባድ ነው፤ እነዚህ የሚገኙት ደግሞ ከጊቤ ማዶ ነው። ባሶ ላይ ተቀምጦ ቀረጥ መቀበል ለአያት ለጎሹ ዘመን ይበቃ ነበር። በልጅ ልጃቸው ዘመን ግን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ያንኑ ጥርስና ያንኑ ወርቅ ወደ ዘይላና ወደ ታጁራ በሚወርደው መንገድ ሊስቡት ተነሥተው ነበር። ገበያው ወደ ባሶ መምጣቱን እንዲቀጥል ከተፈለገ ሁለቱንም የወንዝ ዳርቻ መያዝ ግድ ሆነ። በዚህም ምክንያት የጎጃም ጦር ሆሮና ጉዱሩን ያዘ፤ ራስ ደረሶም እስከ ጊቤ አገሮች እየዘለቁ ግብር ማስገባት ጀመሩ።

በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳልን ተክለ ሃይማኖት አሰኝተው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ቀቧቸው። በማዕረጉ ውስጥ ከፋ መጠራቱ ዐቢይ ነገር ነው። ከፋ ከደብረ ማርቆስ እጅግ የራቀ፣ የራሱ ንጉሥ ያለው አገር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በስም የሰጡት ምድር ሳይሆን የንግዱን መስመር ነው፤ ከቦንጋ እስከ ባሶ ያለው መንገድ ለጎጃም እንዲሆን መፍቀዳቸው ነበር። ይህም ምኒልክን ለመገደብ እንደነበር ብዙዎች የታሪክ ሊቃውንት ይስማሙበታል።

ግን ካርታን ዘርግቶ የሚያይ ሰው የንጉሡን ችግር ሳይዘገይ ይረዳዋል። ጎጃም ወደ ጊቤ ለመሄድ ዐባይን መሻገር አለባት፤ ሸዋ ግን ከጊቤ ጋር በአንድ የወንዝ ዳር ናት። የምኒልክ የጦር አበጋዝ ራስ ጎበና ዳጬ ከሸዋ ተነሥተው በደጋው ላይ ወደ ምዕራብ ሲገሰግሱ የሚያግዳቸው በረሃ አልነበረም፤ የአገሩን ልጅነትና የአገሩን ቋንቋም ይዘው ነበር የሚሄዱት። በ1874 ዓ.ም. ራስ ደረሶ ከጊቤ ማዶ ግብር ሰብስበው ሲመለሱ ጎበና መንገድ ላይ አግኝተው ግብሩን አስለቀቋቸው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይህን ሲሰሙ ራሳቸው ጦራቸውን አስከትተው ዐባይን ተሻገሩ።

ሁለቱ ነገሥታት በግንቦት መጨረሻ 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ ምድር በእምባቦ ተገናኙ። ጊዜውን ልብ ማለት ያሻል፤ ክረምቱ ደርሷል፤ የጎጃም ሠራዊት ከጀርባው ሊሞላ የተዘጋጀ ዐባይ አለበት። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ የጎጃም ጦር ተፈታ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር እንደያዟቸው፣ ቁስላቸውንም እንዳስታመሙ ይነገራል። ዐፄ ዮሐንስ ግን ሁለቱ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቆጥተው፣ የጎጃሙን ንጉሥ አስፈትተው፣ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱባቸው።

በዚያ ዘመን ሰዎች ዐይን ይህ ሚዛናዊ ፍርድ መስሎ ታይቶ ይሆናል። በኢኮኖሚ ሚዛን ሲታይ ግን ሁለቱ እኩል አልተቀጡም። ምኒልክ ወሎን ቢያጡም የዐባይን ደቡብ ጠቅልለው ይዘዋል። የለቃው ሞረዳ በከሬ ገበሩ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ግብር ተቀብለው አገራቸውን ከጥፋት አዳኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሊሙና የጅማ ነጋዴ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሸዋ መለሰ። ባሶ በጦር አልተቃጠለችም፤ መሬቷም አልመከነም። ከወንዙ ማዶ የነበረው ግማሽ አካሏ ተቆርጦ ቀረ እንጂ።

ንጉሡ ከእምባቦ ሲመለሱ ተስፋ ቆርጠው አልተቀመጡም። እንዲያውም ስለ መንገድ በይበልጥ ማሰብ የጀመሩት ያን ጊዜ ይመስላል። የኢጣልያው ጉስታቮ ቢያንኪ ከአሰብ ወደ ጎጃም የንግድ መንገድ ለመክፈት ሲመጣ በደስታ ተቀበሉት፤ ከእርሱ ጋር የነበረውን መሐንዲስ ካውንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒንም አስቀርተው በ1876 እና 1877 ዓ.ም. በተምጫ ወንዝ ላይ የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ተምጫ ከደምበጫ አጠገብ የሚያልፍ የዐባይ ገባር ነው። በጎንደር ዘመን ከተሠሩት ድልድዮች ወዲህ በጎጃም እንዲህ ያለ ሥራ አልታየም ነበር፤ ሙያ ያለው ሰው ሲያገኙ የማይለቁ ገዢ መሆናቸውንም ያሳያል። ሆኖም ድልድዩ የጎጃምን ሁለት ወገን እርስ በርሱ የሚያገናኝ እንጂ ጎጃምን ከማዶው ጋር የሚያገናኝ አልነበረም። ቢያንኪም ወደ አሰብ የሚያወጣውን መንገድ ሲፈልግ በ1877 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፋር በረሃ ተገደለ፤ የአሰብ ተስፋም ከእርሱ ጋር ቀረ።

ደቡቡ በር በእምባቦ ተዘጋ፤ ሌሎቹ ሁለት በሮችም ብዙ አልቆዩም። በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምፅዋን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ የሰሜኑ መንገድ የጦር ሜዳ ሆነ። በምዕራብ በኩል ደግሞ የመሐዲስቶች ዐመፅ ሱዳንን አናወጣት። በጥር 1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በገላባት ዘምተው የመሐዲስቶቹን ጦር ድል ነሥተው ከተማዋን አቃጠሉ። ይህ ድል ብዙ ዋጋ አስከፈለ። ያቃጠሉት ገበያ የጎጃም ቡናና ሰም ወደ ሱዳን የሚወጣበት ገበያ ነበርና ነው። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም.፣ አቡ አንጃ ብዙ ሠራዊት ይዞ መጣና በደምቢያ ሣር ውሃ በተባለው ስፍራ የንጉሡን ጦር ሰበረ። ከቤተ ሰባቸው የተማረኩ ነበሩ፤ ጎንደርም ተዘርፋ ተቃጠለች። የባሶ ነጋዴ ሸቀጡን ያደርስባት የነበረችው ከተማ እንዲህ ሆነች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥፋት በገዛ ንጉሠ ነገሥታቸው እጅ ነው። ዐፄ ዮሐንስ የጎጃምና የሸዋ ነገሥታት በምሥጢር ተባብረውብኛል ብለው በ1881 ዓ.ም. መግቢያ ዐባይን ተሻግረው ጎጃምን ወረሩ። ሠራዊቱ እህሉን በላ፣ ከብቱን ነዳ፣ ቤቱን አቃጠለ። ከላይ ደግሞ የከብት ዕልቂትና ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ደረበበት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው ምሕረት ቢያገኙም የቀረላቸው አገር የተራቆተ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ፣ የጎጃሙ ንጉሥ ለቀድሞ ባላጋራቸው ለምኒልክ ከመገበር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ጠብቀው ኖሩ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የጎጃምን ጦር ይዘው ከተሰለፉት ታላላቆች አንዱ እርሳቸው ናቸው።

በእነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ደብረ ማርቆስ የነበራት ሥራ ከንግድ ይልቅ ወደ ቤተ ክህነትና ወደ ጥበብ ያደላ ነበር። የንጉሡ ቤት የሠዓልያንና የሊቃውንት መሰብሰቢያ ነበረ። ከእነዚህም መካከል የጎጃምን የትውልድ ታሪክ የጻፉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ናቸው። እርሳቸው በጉዱሩ ነገሮ ተብለው የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተማርከው ዐባይን የተሻገሩ፣ በንጉሡ ቤት አድገው የተማሩ ሰው ነበሩ። ዐባይን ተሻግረው ከመጡት ከእልፍ አእላፍ ሕፃናት ስማቸው ተጽፎ የቀረ ጥቂቶች ናቸውና፣ የጎጃምን ታሪክ የጻፈልን ከማዶ የተወሰደ ልጅ መሆኑ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ንጉሡ ያቆሙት የወንዝ ግንኙነት ሁለት ፊት እንደነበረው በእኚህ ሊቅ ሕይወት በግልጥ ይታያል፤ ለባሶ ሀብት ያመጣው ዘመቻ ለጉዱሩ ገበሬ ልጁን የሚነጥቅ ነበር።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1893 ዓ.ም. አረፉ። ዐፄ ምኒልክ ለጎጃም ሌላ ንጉሥ አላነገሡም። አገሩን ከፋፍለው ዳሞትና አገው ምድርን ለራስ መንገሻ አቲከም ሰጡ፤ የቀረው ለንጉሡ ልጅ ለራስ በዛብህ ሆነ፤ ኋላም ወደ ሌላው ልጃቸው ወደ ራስ ኃይሉ ተላለፈ። አባትየው አንድ ለማድረግ የደከሙለት ከአገው ምድር እስከ ባሶ ያለው መስመር በዚህ ክፍፍል ተቆራረጠ።

ንግዱ ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ቤት ይዞ ነበር። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው ነበር፤ አዲስ አበባም በዚያው ሰሞን ተመሠረተች። ከ1889 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ዘመቻ ከፋ ለዐፄው ሲገባ፣ ተክለ ሃይማኖት በማዕረጋቸው ብቻ የያዙትን አገር ምኒልክ በእጃቸው አደረጉት። የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በምዕራብ ደግሞ ጋምቤላ ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ በባሮ ወንዝ ለሱዳን ንግድ ተከፈተች። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ከዚያ በኋላ ወይ በባሮ ጀልባ፣ ወይ በአዲስ አበባ ባቡር ይሄዳል እንጂ የዐባይን ገደል ወርዶ ባሶ የሚወጣበት ምክንያት አልቀረለትም። ሒርማታ አደገች፤ ነቀምቴ አደገች። አሰንዳቦና ይጁቤ ከየወንዙ ዳር ሆነው የየአካባቢያቸው ገበያ ሆኑ። ይህ የሆነው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ በእምባቦ የተዋጋ ወጣት ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ለማየት ሊደርስ ይችል ነበር።

በኋላ ዘመን ጎጃምን ከመሐል አገር ጋር ያገናኘው የመኪና መንገድ የድሮውን የሲራራ መሻገሪያ አልተከተለም። በምሥራቅ በኩል፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወረደ። ስለዚህ ደጀን የመንገደኛና የሾፌር ማረፊያ ስትሆን ይጁቤ ከአውራው ጎዳና ወጣ ብላ ቀረች። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀውም በዚያው በደጀኑ በረሃ ነው። ከባሶ ሊበን ፊት ለፊት ያለውን ውሃ በድጋሚ የመረመሩት ነጋዴዎች ሳይሆኑ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች የተደረገው የዐባይ ተፋሰስ ጥናት ለኃይል ማመንጫ ግድብ ከመረጣቸው ስፍራዎች አንዱ ካራዶቢ፣ ጉደር ወደ ዐባይ ከሚገባበት አጠገብ፣ ከይጁቤ በስተደቡብ ባለው ገደል ውስጥ ይገኛል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን አስከትተው የተሻገሩት የባሶና የጉዱሩ መሻገሪያም ከዚያው ገደል ሩቅ አይደለም።